ራኔል የመሰከረችው

ራኔል ዱፕሪ በሜሪዴል ከተማ ዶሮ በመጥበስ የታወቀች ሴት ናት። በአሜሪካ፣ በደቡብ ጆርጂያ ዶሮ የማይጠብስ ሰው የለምና፣ በዚህ ሙያ ስም ማትረፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በከተማዋ ባለችው አንዲት ሱፐርማርኬት፣ ከበሰለ ምግብ መሸጫው ጀርባ፣ ፀጉሯን በመረብ ሸብ አድርጋ ስትቆም ደንበኛው የሚያየው እጇን እንጂ ፊቷን አይደለም። "ሁለት ጭን፣ አንድ ክንፍ፣ ድንች ሰላጣ ጣል አድርጊበት" ይላታል፤ ጣል ታደርግበታለች። አባቷ ኦቾሎኒ መፈልፈያ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ባሏ ላማር ግንድ በሚጭን መኪና ሰኞ ወጥቶ አርብ የሚገባ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ጫጫታ ውስጥ የሚውል፣ ለራሱ ግን ድምፅ የሌለው ነበር። ራኔልም እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ድረስ ሕዝብ ፊት ቆማ አንዲት ነገር ተናግራ አታውቅም። ምነው ሳትናገር በቀረች ኖሮ!

ነገሩ የጀመረው በልጇ ነው። ኮልቢ አራት ዓመት ሞልቶት እንኳ አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉ። ትምህርት ሲደርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል አስገባው። በሜሪዴል እንዲህ ያለ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ አስተማሪዋም አንዲት ናቸው፣ ሚስ ኦፓል ሂግስ። ሚስ ኦፓል ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ክፍል ውስጥ በነጠላ ጫማ የሚሄዱ፣ ባል የሞተባቸው ወፍራም ሴትዮ ናቸው። አርብ አርብ ከራኔል የዶሮ ጉበት ይገዛሉ።

አንድ ማክሰኞ ግን አርብን ሳይጠብቁ፣ ቀለም የነካካ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ እያነከሱ ከች አሉ።

"ራኔል! ያንን መጥበሻ ተዪና ስሚኝ!"

"ምነው ሚስ ኦፓል፣ ምን ሆነ? ኮልቢ ነው?"

"ተናገረ! ብስኩት ሰጥቼው፣ ሲጨርስ ዓይኔን ዓይቶ 'ጨምሪ' አለኝ! 'ጨምሪ' አለኝ እኮ!"

"ወይኔ! እና ጨመሩለት?"

"ካርቶኑን በሙሉ ሰጠሁት እንጂ!"

ሁለቱ ሴቶች ከመስታወቱ ማዶና ማዶ ተያይዘው አለቀሱ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ዶሮው እስኪያርር ጠበቀ፣ ማንም አላጉረመረመም። ራኔል ያን ቀን ሚስ ኦፓልን ከእናቷ አብልጣ ወደደቻቸው። ይህን አስታውሱላት፣ ኋላ እሷ ራሷ ትረሳዋለችና።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያደረጉላትን ሴትዮ ትታ ልጇን ለምን አስወጣች? በአጭሯ አውቶቡስ ምክንያት ነው። ሌላውን ልጅ ትልቁ ቢጫ አውቶቡስ ይለቅመዋል፤ እነኮልቢን ግን የምታመላልሰው የሱን ግማሽ የምታክል አጭር አውቶቡስ ነበረች። በዚያ አገር የአጭሯ አውቶቡስ ልጅ መባል ስድብ ነው፤ ልጆች ሲጣሉ ይሰዳደቡበታል። ራኔልም ልጅ ሳለች ደህና አድርጋ ተሳድባበታለች። አሁን ያቺው አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ቆማ ቀይ መብራቷን ስታብለጨልጭ፣ ጎረቤት ሳያይ ብላ ኮልቢን በጓሮ በር እያዋከበች ታወጣዋለች። በልጇ አፈረች። በማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አፈረች።

እንዲህ ስትንገበገብ ነው እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ቤት የከፈተው። መንግሥት አካል ጉዳተኛ ልጅ ላላቸው ወላጆች፣ ልጃቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ማዛወር ቢፈልጉ የሚከፍልበት ድጎማ አለው። የፓስተር ታርቨር ሚስት፣ ርእሰ መምህሯ ሚስ ጃኒስ፣ ራኔልን ከአምልኮ በኋላ ጠርተው "ለኮልቢማ ቦታ አለን" አሏት። ልጆቹ ደረቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳሉ። አውቶቡስ የለም፤ ወላጅ ራሱ ነው የሚያደርሰው። ድጎማውን የሚቀበል ወላጅ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ለልጁ ያለበትን ግዴታ በፊርማው ያወርዳል ተብሎ ተነገራት። ራኔል ሸሚዙን እያየች ፈረመች።

እሑድ ማታ ማታ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት አለ። የፈለገ ሰው ይነሳና እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል። ምስክርነት ደግሞ የራሱ ወግ አለው፤ መጀመሪያ የነበሩበት ጨለማ ይወራል፣ ከዚያ የወጡበት ብርሃን። ጨለማው በጠቆረ ቁጥር ብርሃኑ ይደምቃል። ሰካራም የነበረው ጠርሙሱን ያበዛል፣ ተደባዳቢ የነበረው ቡጢውን። ራኔል ምኗን ታወራለች? አትጠጣ፣ አትደባደብ! መጀመሪያ ቀን ተነስታ "ኮልቢ ትምህርት ቤት ስለገባልኝ ጌታን አመሰግናለሁ" አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "አሜን" አሉ፤ እሳቸውም ከእንቅልፋቸው ነቅተው ነው።

በሌላው እሑድ "እዚያ በነበረበት ምን እንደሚያደርጉት እንኳ አያውቁም ነበር" ብላ ጨመረችበት። አሜኑ በረከተ። በሦስተኛው ጥጉን አመጣችው። ሚስ ኦፓል ክፍል ጥግ ላይ ትራስና ብርድ ልብስ ነበር፤ ጫጫታ ሲበዛበት ኮልቢ ሄዶ እንዲያርፍበት ሚስ ኦፓል በገዛ እጃቸው የሰፉለት። በራኔል አፍ ግን ትራሱ ጠፋ፣ ብርድ ልብሱም ጠፋ፣ ጥጉ ብቻ ቀረ። "ልጄን ጥግ ላይ ወርውረውት ነበር" አለች። ሴቶቹ ተነስተው አለቀሱ፣ ወንዶቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጡት። ራኔል ሙቀቱ ተሰማት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲያልፋት ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ሁሉ ሕዝብ እሷን አየ። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት።

ፓስተር ታርቨር ግንባራቸውን እየጠረጉ መጡ። "እህት ራኔል፣ ይህንን የምክር ቤት ሰዎች መስማት አለባቸው። ድጎማው ይስፋ አይስፋ እየተከራከሩ ነው፣ እናቶችን እየጠሩ ነው። ትሄጃለሽ።"

"እኔ? ኧረ ፓስተር፣ እኔ ዶሮ ጠባሽ ነኝ!"

"ጴጥሮስስ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም እንዴ?"

ሄደች። አትላንታ፣ ባለወርቅ ጉልላቱ የምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ፣ ከእህቷ የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ ማይክሮፎኑ ፊት ቀረበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ተለማምዳዋለች። "ልጄን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ጥግ ያስቀምጡት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አላስተማሩትም። የልጄን የመጀመሪያ ቃል የሰማሁት ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው" አለች። ቴሌቪዥን ቀረጻት፣ በማግስቱ ሜሪዴል በሙሉ አየ። የማንንም ስም አልጠራሁም ብላ ራሷን አጽናናች። አንድ ክፍል፣ አንዲት አስተማሪ ባሉበት ከተማ ስም መጥራት ምን ያደርጋል?

አርብ ደረሰ። ራኔል በሩን በዓይኗ እየጠበቀች፣ ባይመጡልኝ እያለች ስትጸልይ፣ ሚስ ኦፓል እያነከሱ ገቡ።

"እንደምን ዋልሽ ራኔል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጉበት ነው አይደል ሚስ ኦፓል?"

"ጉበት ነው።"

ራኔል ዓይኗን ከመጥበሻው ሳትነቅል እጇ እየተጣደፈ ከልኩ በላይ ዛቀችላቸው። ሚስ ኦፓል አዩት። "ያዘዝኩት ይህን ያህል አይደለም" አሉ፤ ትርፉን መልሳ እስክታወጣ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ራኔል አንድ በአንድ ስታወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬቱ ግን የሱፐርማርኬት ሴራሚክ ነውና ንቅንቅ አላለም።

"ስሚ" አሉ ሚስ ኦፓል ጥቅላቸውን ይዘው። "እዚያ የእሳት ደወል ልምምድ ያደርጋሉ?"

"እ... ሳያደርጉ አይቀሩም።"

"ሳይነግሩት እንዳይደውሉ። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ ነበር ወደ ውጭ የማወጣው። ድንገት ከሰማው ይሮጣል፣ ፊቱ የቆመውን ሰው አያይም። ንገሪያቸው፣ እሺ?"

"እሺ። እነግራቸዋለሁ።"

ስለ ቴሌቪዥኑ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

ራኔል አልነገረቻቸውም። ልትነግራቸው አስባ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚስ ጃኒስ ቢሮ በር ድረስ ሄዳለች። ግን "ይህን ማን ነገረሽ?" ቢሏት ምን ትላለች? ልጄን ጥግ ወርውረውት ነበር ያልኳችሁ ሴትዮ፣ ደወል ሲፈራ ቀድመው እጁን ይዘው ያስወጡት ነበር ልትል ነው? ሰኞ እነግራለሁ አለች፤ ሰኞ ሚስ ጃኒስ ቸኩለው ነበር። ሐሙስ እነግራለሁ አለች፤ ሐሙስ እሷ ቸኮለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ከልቧ ወጣ፣ ወይም ራሷ ገፍታ አስወጣችው።

የደወሉ ዕለት ራኔል ክንፍ እየዘፈዘፈች ስልኳ ጮኸ። ደወሉ ሲጮኽ ኮልቢ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተፈትልኮ ነበር። በር ላይ የቆመችውን የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌ ዲያቆን የልጅ ልጅ ገጭቶ ጣላት፤ የልጅቷ እጅ ተሰበረ። እሱ አልቆመም። የጥጥ መኪና በሚበርበት አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። አንድ ሹፌር ፍሬኑን ረግጦ መኪናው ወዲያ ወዲህ ተንገዳግዶ ለጥቂት ሳተው። ኮልቢን ያገኙት ማዶ ካለው ቦይ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ሱሪው ረጥቦ ነው።

ሚስ ጃኒስ ራኔልን እጇን ይዘው አስቀመጧት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ራኔልዬ፣ እንወደዋለን፣ ጌታ ያውቃል። ግን እንደሱ ላለ ልጅ የተዘጋጀን አይደለንም። ይህን ኃላፊነት መሸከም አንችልም።"

"አንድ ዕድል ብቻ ይስጡት ሚስ ጃኒስ። እለምንዎታለሁ።"

"እንዴት አድርገን? ደወል እንዲህ እንደሚያስበረግገው በምን እናውቃለን? የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ እኮ ቀድመን እናስወጣው ነበር!"

ራኔል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። አንገቷን ደፍታ ልጇን ይዛ ወጣች፤ ኮልቢ በእርጥብ ሱሪ፣ እሷ ደግሞ በተዘጋ አፏ።

ላማር አርብ ሲገባ ኮልቢ ቤት ውሎ ግድግዳ በጭንቅላቱ ሲመታ ደረሰ። ወደ መጣበት ክፍል ካልተመለሰ የተማራትን ሁሉ እንደሚያጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከደወሉ ወዲህ አንድም ቃል አልተናገረም።

"ሚስ ኦፓል ጋ መልሺው" አለ ላማር።

"በምን ፊቴ?"

"ባለሽ ፊት። ሌላ ከየት ታመጪያለሽ?"

"ቴሌቪዥኑን ስታይ አንተስ ምን አልከኝ? ውሸት መሆኑን እያወቅክ ምንም አላልክም!"

ላማር ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። "አላልኩም። ስትናገሪ አምሮብሽ ነበር። እዚያ ላይ ነው የተበላነው" አለ።

ራኔል እሑድ ማታ ተነሳች። ያበላሸችው እዚያ ነውና እዚያው ልታስተካክለው ነው የቆረጠችው። "ስለ ኮልቢ ትምህርት ቤት የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ጥጉን የሠሩለት ለዕረፍቱ ነው። አፉን ያስፈቱትም ሚስ ኦፓል ናቸው። ደወሉንም አስጠንቅቀውኝ ሳልናገር ቀረሁ" አለች፤ ጉንጯ እየተቃጠለ። አሁን ይጮሁብኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ፓስተር ታርቨር ግን ቀስ ብለው ወርደው ትከሻዋን አቀፏት። "ቅዱሳን፣ እህታችን ተሰብራለች። ልጇ ተጎድቶባት ራሷን ስትከስ አያችሁ? ጠላት እንዲህ ነው የሚከስሰን። ኑ፣ እጃችንን እንጫንባት።"

"ኧረ ፓስተር፣ እውነቴን ነው እኮ!"

"እናውቃለን የኔ እህት፣ እናውቃለን።"

ከበቧት። የዲያቆኑ ሚስት ሳይቀሩ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው አለቀሱላት። እንዲህ ያለ አሜን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። በሳምንቱ ቤቷ በማካሮኒ ትሪና በኮክ ኬክ ተጥለቀለቀ።

በመጨረሻ ኮልቢን ይዛ፣ ልጆች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ሚስ ኦፓል ክፍል በር ላይ ቆመች። ሚስ ኦፓል ጠረጴዛ ይወለውሉ ነበር። ኮልቢ ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደ። ትራስ የለም። ባዶውን ወለል እያየ ቆሞ ቀረ።

"ተነግሮኛል" አሉ ሚስ ኦፓል። "ደወሉን አልነገርሻቸውም?"

"አልነገርኳቸውም።"

ሚስ ኦፓል ጨርቁን አስቀመጡት። ራኔል ስድቡን ጠበቀች። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚለምን ሰው ነው የተናገሩት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቴሌቪዥን ላይ ሳይሽ መጀመሪያ ረገምኩሽ። ከድመቴ በስተቀር ማንም አልሰማኝም። ቆይቶ ግን እናቱ ናት አልኩ። ምናልባት እውነቷን ቢሆንስ? እኔ አረፈ ብዬ ስተወው፣ ልጁ ተጣልኩ ብሎ ቢሆንስ? 'ጨምሪ' ያለኝንስ፣ ስለጓጓሁ የሰማሁት ቢሆን? ከዚያ ወዲህ ትራሱን ሰቀልኩት። ልጆቹ ጥግ ሲገቡብኝ እየጎተትኩ አወጣቸዋለሁ። ያለቅሳሉ፣ እኔም እጎትታለሁ። ይኸው ስንት ጊዜዬ። እስቲ እንደ እናት ንገሪኝ ራኔል፣ እውነት ነው?"

ራኔል በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሴትዮዋ የሚቆጡ መስሏት ነበር እንጂ ያምኑኛል ብላ አላሰበችም።

"ውሸት ነው ሚስ ኦፓል። ሁሉም ውሸት ነው። 'ጨምሪ' ብሎዎታል። ጥጉንም ይወደው ነበር፣ ቤትም አንድ እንድሠራለት እየጎተተ ጥግ ያሳየኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልሽው?"

ሌላ መልስ ፈለገች፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ፓስተሩ ልትል ነበር።

"አሜን ሲሉኝ ደስ አለኝ።"

ሚስ ኦፓል የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ኋላም ተነሱና ከቁም ሳጥኑ አናት ትራሱን አውርደው ለኮልቢ ሰጡት። ልጁ ጫማውን አወለቀ፣ ተጋደመ።

"ነገ ጠዋት አምጪው። መዝገብ ቤቱን እኔ አናግራለሁ" አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት። "አንቺ ግን በር ላይ ታስረክቢኛለሽ። እዚህ ክፍል እንዳትገቢብኝ።"

"እስከ መቼ ሚስ ኦፓል?"

"እኔ እንጃ። ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ራኔል ኮልቢን በር ላይ አስረከበች። ሚስ ኦፓል "እንደምን አደርክ የኔ ጌታ" ብለው ልጁን ተቀብለው በሩን ዘጉት። ራኔል ዘወር ስትል፣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወጣት እናት መነጽር ያደረገች ልጇን ይዛ ቆማ አየቻት። ሴትየዋ ፊቷ በራ።

"አንቺ አትላንታ የተናገርሽው ነሽ አይደል? በቴሌቪዥን አየሁሽ እኮ! አንቺን ሰምቼ ነው እኔም ያመለከትኩት፤ ዛሬ ልጄን ላስወጣ ነው የመጣሁት። እውነት ጥግ ላይ ያስቀምጧቸዋል?"

የእነ ፓስተር ታርቨር እጅ እዚህ የለም። የሚያቅፋት፣ ደክማ ነው የሚልላት ሰው የለም።

"ዋሽቼ ነው" አለች ራኔል።

"ምን አልሽኝ?"

"ዋሽቼ ነው አልኩሽ። የልጄን አፍ ያስፈቱት እኚህ ሴትዮ ናቸው። መልሼ አሁን አስገባሁት።"

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ከራኔል ራቅ አደረገቻትና ወደ መዝገብ ቤቱ መሄዱን ትታ የሚስ ኦፓልን በር አንኳኳች።